ከዘጠና ዲግሪ በላይ

ካውያው በነጩ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ከኋላው ግራጫ መስመር ጥሎ ሄደ።

ልጅቷ እድፍ መሰላት። ጣቷን ምራቅ አስነክታ አሸችው፤ አለቅም አለ። በጥፍሯ ስትፍቀው ደግሞ አብለጨለጨ። እድፍ አያብለጨልጭም። ካውያውን አንስታ ሆዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታዞረው፣ ከጫፉ አጠገብ የብር ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ጠብታዎች እንደ ውሃ ሲንቀጠቀጡ አየች።

ብረት ነበር። የቀለጠ ብረት።

የክፍል ጓደኞቿ «ቆጣሪ» ነው የሚሏት። ያገኘችውን ነገር ሁሉ ስለምትለካ ነው ይላሉ፤ ስትናደድ ደግሞ እንደ መብራት ቆጣሪ ስለምትሽከረከር ነው የሚሉም አሉ። ያን ዕለት ጠዋት ሁለቱም ልክ ነበሩ። እዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ በካውያ ሙቀት የሚቀልጥ ብረት ያለባት ዕቃ አንዲት ብቻ እንደሆነች ታውቃለች። እሷን ስታስብ ደሟ ፈላ።

ዕቃዋን «ብስኩቷ» ነበር የሚሏት። ከተበላሸ የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን ውስጥ የወጣች፣ ነጭ፣ አራት ማዕዘን፣ ሁለት ሽቦዎች የተንጠለጠሉባት ጠፍጣፋ ነገር ናት። አንዱን ፊቷን አሙቀው ሌላውን ሲያቀዘቅዙት በሽቦዎቿ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። በሁለቱ ነጫጭ ገበታዎች መካከል እንደ ችምችም ጥርስ የተደረደሩ ግራጫ እግሮች አሏት፤ ሥራውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እግሮቹን ከላይና ከታች የሚያያይዛቸው ደግሞ ስስ ብየዳ ነው።

ቆጣሪና የአክስቷ ልጅ ለትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኤግዚቢሽን የመረጡት ሥራ ይሄ ነበር፤ ሙቀት ስንት ቮልት እንደሚያወጣ መለካት። መጀመሪያ የመዳብና የብረት ሽቦ ጠምዝዘው በሻማ አሞቁ፤ ቮልት የሚለኩበት መልቲሜትር ከእንቅልፉም አልነቃ። ብስኩቷ ግን ጉድ ናት። ከታች በረዶ፣ ከላይ ትኩስ ውሃ የያዘ ጣሳ፣ በሁለቱም በኩል ቴርሞሜትር አድርገው ሲለኳት፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ሃምሳ ሚሊቮልት ያህል ሰጠቻቸው። እስከ ዘጠና ዲግሪ ያለውን ቆጣሪ እያንዳንዱን ደጋግማ ለክታዋለች። ከዚያ በላይ በውሃ አይሆንም፤ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። በጋለ አሸዋ ቀስ እያልን እንሞክር እያለች ስታስብ ጉንፋን ያዛትና አልጋ ላይ ጣላት። ስትነሳ የአክስቷ ልጅ እስከ መቶ ሰማንያ ዲግሪ ድረስ ለክቶ፣ የኤግዚቢሽኑን ፖስተር አሳትሞ ጠበቃት። «አንቺ ተኝተሽ ስትድኚ እኔ ሠርቼ ጨረስኩት» ብሎ ቀልዶባታል። እሷም የዋሂቱ አመስግናዋለች።

«ውይ! ልነግርሽ ስል ረሳሁት።»

አክስቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ መርፌ በከንፈሮቿ ይዛ። የእናቷ ታናሽ ናት። ከልጇ ጋር እዚሁ ቤት መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የፊት ለፊቷ ክፍል የልብስ ስፌት ቤቷ ናት። ካውያውም የእሷ ነው።

«በቀጥታ አታሳርፊው የኔ ልጅ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አርጊና በላዩ ተኩሺ። እኔም እንደዚያ ነው የምሠራው።»

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ቆጣሪ።

አክስቷ መርፌውን ከአፏ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችና በሐዘኔታ አየቻት። «አይዞሽ፣ አልተቆጣሁሽም። ልጄ ነግሮኛል እኮ። ትኩሳቱ ነው፤ ራስሽን መች አወቅሽና! ሕመምተኛ ላይ ምን ይፈረዳል? ለእናትሽም ከእጄ አምልጦ ወደቀ ብያታለሁ፤ እንዳትሸማቀቂ።»

ቆጣሪ አፏን ከፈተች። መልሳም ገጠመችው። አክስቷ ዝምታዋን እንደ ኀፍረት ቆጠረችው መሰል ጉንጯን መታ መታ አድርጋ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ባልሠራችው ጥፋት ተቆጥተዋት ያውቃሉ። ያን ጊዜ ትጮሃለች፣ ትከራከራለች፣ ይወጣላታል። ባልሠራችው ጥፋት ይቅር ሲሏት ግን ይሄ የመጀመሪያዋ ነበር። ምን ብሎ ይጮኻል? ማን ይሰደባል? ሸሚዙን ከነመስመሩ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ነጥቃ ወጣች።

የአክስቷ ልጅ ከበሩ ውጭ ዳቦ እየገመጠ ይጠብቃታል። እሱን «ሬዲዮ» ይሉታል፤ ጠዋት ከተከፈተ መብራት እስኪጠፋ አይዘጋም።

«ብስኩቷ የታለች?» አለችው።

«እንዴት አደርክ አይባልም እንዴ?»

«ብስኩቷ የታለች ነው ያልኩህ።»

«ትምህርት ቤት ናት፣ ቆልፌባት ነው የመጣሁት። ምነው፣ ናፈቀችሽ?»

ኮሌታዋን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወደ አፍንጫው አስጠጋችው። «እንግዲያው ይሄ ከየት መጣ?»

ሬዲዮ መስመሩን አየ። ከዚያ እሷን። ዳቦው አፉ ውስጥ እንዳለ ማላመጡን አቆመ። ሬዲዮ ጣቢያው የጠፋበትን ቀን ቆጣሪ ከዚያ በፊት አታስታውስም። ወደ ቦርሳው ኪስ እጁን ሰደደና አንድ የተቋጠረ ካልሲ አወጣ። ፈትቶ አሳያት። ሁለቱ ነጫጭ ገበታዎች ተላቀዋል። ግራጫዎቹ እግሮች ካልሲው ውስጥ እንደ ፍርፋሪ ተበትነዋል።

«ካውያውን ገልብጬ ከላዩ አስቀመጥኳት» አለ ቀስ ብሎ። «መቶ ሲደርስ ደህና ነበረች፣ እመኚኝ። ከዚያ ስልክ ተደወለና ዞር አልኩ…»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ምንም አልጮኸ፣ ምንም አልጨሰ። ዝም ብሎ ዜሮ።»

«መቶ ሃያስ? መቶ ሃምሳስ? መቶ ሰማንያስ? ፖስተሩ ላይ ነጥብ በነጥብ የተደረደሩትስ?»

«መስመሩን ቀጠልኩት።»

«በምን ቀጠልከው?»

«በማስመሪያ።»

ቆጣሪ መንገዱ መሃል ቆመች።

«አቦ እንዲህ አትይኝ» አለ ሬዲዮ፤ ድምፁ ትንሽ እየተመለሰለት ነበር። «እስከ ዘጠና ቀጥ ብሎ ሄዷል አይደል? ብትለኪውም እዚያው ነበር የሚያርፈው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀለጠ! ልዩነቱ እሱ ነው! መቶ ሰማንያ ላይ ያለው እውነተኛው ቁጥር ዜሮ ነው፣ አንተ ደግሞ ከስምንት ቮልት በላይ ብለህ ጻፍክ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ያየናል።»

«ይየና! ደግሞ ለእናትህ ካውያውን ያበላሸችው እሷ ናት ብለህ ነገርካት።»

እዚህ ላይ ዓይኑን ሰበረ። «አንቺን አትቆጣሽም ብዬ ነው። እኔን ግን ታውቂያታለሽ… ደግሞ ‹ይሄንንም አበላሸህ› ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

«እና እኔ ላይ ላከክ።»

«ምን ላርግ!» ብሎ ዳቦውን መሬት ላይ ወረወረው፤ ወዲያው ደግሞ አፍሮ አነሳውና አጥሩ ላይ አስቀመጠው። «ሁሉም ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹እሷ ትለካለች፣ እሱ ይለፈልፋል።› ቲቸርም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ እናቴም። አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ብቻ እኔ የለካሁት ይኑር ብዬ ነው።»

«አልለካህማ!»

ጩኸቷ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ የሚከፍተውን ሰውዬ አዞረው። ቆጣሪ ትታው ሄደች። ሬዲዮ ከኋላዋ ራቅ ብሎ ተከተላት።

የፊዚክስ መምህራቸውን ሁሉም ተማሪ ይወዳቸዋል። አይማቱም፣ አይሳደቡም፤ ጥያቄ ሲጠየቁ «እሱን ነገ አብረን እናያለን» ብለው በነጋታው እውነትም ያዩታል። ስለዚህ ቆጣሪ ከሬዲዮ እጅ የነጠቀችውን ካልሲ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግታ የሆነውን ሁሉ ስትነግራቸው ምን እንደሚሉ የምታውቅ መስሏት ነበር። ስለ አክስቷ ብቻ አልነገረቻቸውም፤ እሱ የቤት ጉዳይ ነው።

መምህሩ አንዷን ግራጫ እግር አንስተው በጣታቸው አንከባለሉ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ፖስተሩ ተሰቅሏል፤ አብለጭላጭ፣ ትልቅ፣ ከላይ የትምህርት ቤቱ ስም በደማቁ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ የሚወጣው መስመር ከሩቅ ያምራል።

«ያሳዝናል» አሉ በመጨረሻ። «ግን ነገ ነው ኤግዚቢሽኑ።»

«አዎ ቲቸር። ስለዚህ ከዘጠና በላይ ያለውን እንሰርዘው።»

«ታትሟል እኮ ልጄ።»

«በወረቀት እንሸፍነዋለን።»

«ተሸፍኖ የመጣ ፖስተር ምን ይመስላል? የትምህርት ቤቱ ስም አለበት።» ድምፃቸው እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «ተመልከቺ፤ ስምንት ነጥብ ቀጥ ብሎ ከሄደ ዘጠነኛውም ይሄዳል ብሎ መገመት በሳይንስ ያለ ነገር ነው። ግምት ውሸት አይደለም።»

«እሺ፣ ‹ግምት ነው› ብለን እንጻፍበት።»

መምህሩ ግራጫዋን እግር ካልሲው ውስጥ መልሰው ጣል አደረጓት። «ማንም አይጠይቃችሁም። ዳኞቹ ብዙ የሚያዩት ነገር አለ። አንቺ ደግሞ ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ይቺን ንዴትሽን ብቻ ቀነስ አድርጊያት።»

ቆጣሪ ካልሲውን ቋጥራ ወጣች። እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ንዴቷ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ብትለካው ቴርሞሜትሩ ይፈነዳ ነበር። በሬዲዮ ስትናደድ ቢያንስ ሬዲዮ ምን ጊዜም ሬዲዮ ነው። እኚህ ግን «ያልለካችሁትን አትጻፉ» ብለው በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የጻፉ ሰው ናቸው። ተማሪው ሁሉ ደብተሩ ላይ ገልብጦታል። ለካ ለፈተና ብቻ ኖሯል።

ማታ ሳህን ስታጥብ ከወጥ ቤቱ የሚወጣው ድምፅ የመንገድ ሥራ ይመስል ነበር።

«ሳህኑ ምን በደለሽ?» አለች እናቷ ከሳሎን።

«ምንም።»

«ካልበደለሽ ለሰው አስተርፊልን።»

አጥባ ስትጨርስ ወደ አክስቷ ክፍል ገባች። ልትነግራት ነው የገባችው። ቁርጥ አድርጋ ነበር። አክስቷ የሰው ሱሪ ዘርግታ፣ እርጥብ ጨርቅ ከላይ አድርጋ፣ ትንሽ ተኩሳ ጨርቁን ታነሳለች፤ ግራጫ ነገር እንዳልነካው ታያለች፤ ደግሞ ታለብሳለች። ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው የነበረው ሥራ ነው። አጠገቧ ያልተተኮሰ ልብስ ተቆልሏል።

«አክስቴ…»

«ነይ፣ ተቀመጪ። ነገ ነው አይደል?» አክስቷ ቀና ሳትል ፈገግ አለች። «ልጄ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹እማ፣ እሷ ስትታመም ቀሪውን እኔ ነኝ የለካሁት› አለኝ። እኔ ደግሞ ሥራ ጀምሮ ሲጨርስ አይቼው አላውቅም። ብስክሌት ይፈታል፣ አይገጥምም። መጽሐፍ ይጀምራል፣ ግማሹ ላይ ይጥላል። ይሄን ግን ጨረሰ። ካውያው ይበላሽ! እውነቴን ነው፣ ካውያው ገደል ይግባ።»

ቆጣሪ የአክስቷን እጅ አየች፤ ጨርቁን ሲያነሳ፣ ሲያለብስ፣ ሲያነሳ። እውነቱ ቢወጣ የሚመታው ሬዲዮን ብቻ አልነበረም።

«ላግዝሽ» አለች በመጨረሻ፤ የራሷ ድምፅ አስጠላት።

ጨርቁን በውሃ እየነከረች፣ እየጨመቀች አቀበለቻት። በጨመቀችው ቁጥር ጥርሷንም ትነክሳለች። በሬዲዮ ተናደደች። በመምህሩ ተናደደች። ደግ ስለሆነች በአክስቷም ተናደደች። ከሁሉም በላይ ግን አሁን ዝም በማለቷ የሦስተኛው ውሸታም ቦታ የእሷ መሆኑ አንገበገባት።

ኤግዚቢሽኑ በአንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛዎቹ በመደዳ፣ በየጠረጴዛው ፖስተር፣ በየፖስተሩ ሥር በንጹሕ ልብስ የሚያላብ ተማሪ። የእነሱ ቦታ መሃል ላይ ሆነ። ቆጣሪ በረዶውን፣ ጣሳውን፣ ቴርሞሜትሮቹን፣ መልቲሜትሩን አንድ በአንድ አሰናዳች። ብስኩቷ በምትቀመጥበት ቦታ መምህሩ ከሌላ ማሽን ያስፈቷት አንዲት ሌላ ብስኩት ተቀምጣለች። «ለማሳያ ትሆናለች፣ በትኩስ ውሃ ብቻ ነው የምታሳዩት» ብለዋቸዋል።

ሬዲዮ ወሬውን ሲጀምር ግን ሰው ይሰበሰባል፤ ይሄን ማንም አይክደውም። «ቤታችሁ ምድጃ አለ? ምድጃው ጎኑ አይግልም? ያ ሙቀት የት ነው የሚሄደው? ለዝንብ ነው!» ይላል፤ ይስቃሉ። ትኩሱን ውሃ ጣሳው ላይ ሲያፈስና ትንሿ አምፖል ስትበራ ያጨበጭባሉ። ቆጣሪ ሽቦ ከማስተካከል በቀር አንዲት ቃል አልተናገረችም። ፖስተሩን ከጀርባዋ አድርጋ ነበር የቆመችው፤ ላለማየት።

ዳኛዋ የመጡት ረፋዱ ላይ ነው። ጎልማሳ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን ፀጉራቸው ላይ የሰኩ። መምህሩ ከኋላቸው እጃቸውን አጣምረው ተከትለዋል። ዳኛዋ የሬዲዮን ንግግር እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ፈገግም አሉ። ከዚያ መነጽሩን አወረዱና ፖስተሩን ተጠግተው አዩት። ቆዩበት።

«እኔ የምሠራው ዳቦ ፋብሪካ ነው፤ የማሽኖቹ ጥገና ኃላፊ ነኝ» አሉ። «የምድጃችን የውጭ ግድግዳ መቶ ስልሳ ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሁልጊዜ ያ ሁሉ ሙቀት ለከንቱ ሲሄድ ያንገበግበኛል። እንደዚህ ያሉ ቁራጮች ብለጥፍበት ለመተላለፊያው መብራት ይበቃኝ እንደሆነ እያሰብኩ ነበር።» ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ፤ መቶ ስልሳ ላይ። «እዚህ ላይ ከሰባት ቮልት በላይ ይላል። ይቋቋማል ማለት ነው?»

ማንም አይጠይቃችሁም ተብለው ነበር። ይኸው ተጠየቁ። ደግሞ ሊያጣጥሉ፣ ሊፈትኑ ብለው አይደለም የጠየቁት፤ አምነዋቸው ነው።

ሬዲዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ… ይቋቋ…»

«አናውቅም» አለች ቆጣሪ።

ሬዲዮ አፉን ገጠመ። መምህሩ የተጣመረ እጃቸውን ፈቱት። ዳኛዋ ዞር ብለው አዩዋት። «ግን ተጽፏል እኮ።»

«ተጽፏል። ከዘጠና ዲግሪ በላይ ያለውን ግን አልለካነውም።» ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብላ ፈርታ ነበር፤ ደረቅ ብሎ ወጣ። «እስከ ዘጠና ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ፤ ለእሱ እማላለሁ። ከዚያ በላይ ያለው በማስመሪያ የተሠመረ ነው። ምድጃው ላይ አይለጥፉት። ይቀልጣል።»

«ይቀልጣል? ቅድም አናውቅም አላልሽም?»

«የእኛ ቀልጧል።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን እንደገና ፀጉራቸው ላይ ሰቀሉ። «እንዴት ነው የቀለጠው?»

ቆጣሪ ይሄን ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። መልሱንም አዘጋጅታዋለች፤ ሳህን ስታጥብ፣ ጨርቅ ስትጨምቅ፣ አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ። ‹እሱ ነው ያቃጠለው፣ ከዚያ ዋሸ፣ ከዚያ በእኔ አሳበበ።› እያንዳንዱን ቃል እንደ ቢላ ሞርዳዋለች። አሁን ማውጣት ብቻ ነበር የቀራት።

ሬዲዮን አየችው። ከንፈሩ ነጥቷል። የሚያላግጥ ፊት ፈልጋ አጣችበት።

ንዴቷ አልበረደም። ግን ይሄ ዓረፍተ ነገር የእሷ አልነበረም። እሷ ብትለው እሱ አንድ ነገር ሳይል ሊቀር ነው፤ ደግሞ ሌላ ሰው ጨረሰለት ማለት ነው። ከፖስተሩ ፊት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ቦታውን ለቀቀችለት።

ዳኛዋ ከእሷ ወደ እሱ አዩ።

«በ… በካውያ» አለ ሬዲዮ። «በእናቴ ካውያ። እኔ ነኝ። እሷ ታማ ነበር። አላማከርኳትም… ማለት… ሲቀልጥ ደነገጥኩና ቁጥሩን ዝም ብዬ ሞላሁት።» እንደ እሱ ያለ ሰው ቃል አጥቶ እንዲህ ሲደናበር ማየት ያስጨንቅ ነበር። «ጥሩ የሚናገር ሰው ካለ የሚያምኑት መስሎኝ ነው» ብሎ ጨረሰ። ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱም ያወቀ አይመስልም።

ዳኛዋ አልተቆጡም፤ አላመሰገኑም። «እኔም አምኜ ነበር» አሉ ብቻ። ከዚያ ወደ ቆጣሪ ዞረው እስከ ዘጠና ያለውን እንዴት እንደለካች ጠየቋት፤ በረዶው ሲቀልጥ ምን እንዳደረገች፣ ቴርሞሜትሩን የት እንደሰካች። መለሰች። አመስግነው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄዱ።

ሽልማት አላገኙም። የምስጋና ወረቀት እንኳ ለጎረቤት ጠረጴዛ ነበር የተሰጠው፤ ከድንች መብራት ላወጡት። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ መምህሩ መጡ። ፖስተሩን አንስተው መጠቅለል ጀመሩ፤ ጠማማ ሆኖ ተጠቀለለ።

«ደስ አለሽ አሁን?» አሉ።

«አላለኝም» አለች ቆጣሪ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ደግሞ «ቲቸር፣ ሌላዋን ብስኩት ሰኞ ማግኘት እችላለሁ? በአሸዋ ልሞክራት ነው፤ ቀስ እያልኩ» አለቻቸው። ፊቷ ላይ ልመና አልነበረበትም።

መምህሩ ፖስተሩን ለሬዲዮ አቀበሉት። «ቁም ሳጥኑ ክፍት ነው» አሉ ሳያዩዋት፣ ሄዱም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሬዲዮ ፖስተሩን ተሸክሞ ትንሽ ከኋላዋ ይራመዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሊናገር ጀምሮ ተወው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ደፈረ።

«አሁንም ተናደሻል?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ቴርሞሜትር አልሰካሁበትም።»

ሊስቅ አለና ፊቷን አይቶ ተወው።

የቤቱ በር ጋ ሲደርሱ ከፊት ለፊቷ ክፍል የስፌት መኪናው ይሰማል። ሬዲዮ ቆመ። ፖስተሩን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረው።

«ስለ ካውያው ልነግራት ነው» አለ።

ቆጣሪ ከበሩ ፈቀቅ አለችለት።

«አብረሽኝ ግቢ።»

«አልገባም።»

«ቁሚልኝ ብቻ። አንቺ ካለሽ ብዙም አትቆጣም።»

«ለዚያ ነው የማልገባው።»

ሬዲዮ የጫማውን ጫፍ አየ። «ከቁጣዋ ይልቅ… ደስ ብሏት ነበር እኮ። ለካሁ ስላት። እሱን ነው እንዴት እንደምነግራት ያልገባኝ።»

ትናንት ማታ እሷም እዚያው ላይ ነው ያቃታት። አልነገረችውም።

ሬዲዮ ፖስተሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ገባ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። የስፌት መኪናው ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ቀጠለ፤ ከዚያ ቆመ።

ቆጣሪ በጓሮ በኩል ዞራ መግባት ትችል ነበር። ምሳ ቀርቦ ይሆናል፤ እናቷ ትጠብቃለች፤ ሆዷ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። ደግሞም ይሄ ሰው ይጠበቅ ዘንድ ምንም አላደረገላትም።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ትንሽ ቆይታ በሩን በክርኗ መታ መታ አደረገች። «ቶሎ ጨርስ» አለች ጮክ ብላ፤ «እርቦኛል።»